ባል መካነ ሰላም፣ ሚስት ደሴ፦ ቤቱ የት ይሁን?

በደቡብ ወሎ ዞን ምዕራባዊ ክፍል ደመወዝተኛ የሆኑ ሁለት ሰዎች ሲጋቡ ከሠርጉ ማግስት የሚነሳው ጥያቄ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ የት እንኑር? እሷ ደሴ ሆስፒታል ነርስ ናት፤ እሱ መካነ ሰላም ባለው የዩኒቨርሲቲ ካምፓስ ያስተምራል። ወይም እሱ አቀስታ ባንክ ቤት ነው፤ እሷ ወግዲ የግብርና ባለሙያ። ሁለት ደመወዝ ያለው ቤት መታደል ነው። ችግሩ ደመወዞቹ የሚፈረምባቸው ቦታዎች መራራቃቸው ነው።

መካነ ሰላም የወሎው ቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከደሴ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ከደሴ የወጣ መኪና የጉጉፍቱን ብርድና ጭጋግ አልፎ፣ የለጋምቦን ደጋ አቋርጦ፣ አቀስታ ላይ ምሳ አብልቶ ነው ወደ ቦረና የሚቀጥለው። ከመካነ ሰላም ወዲያ መሬቱ ወደ አባይ ሸለቆ እየተሰበረ ይወርዳል። ቁጥሩ ሲጠራ የሚያስፈራ አይደለም፤ ሌላ አገር 180 ኪሎ ሜትር ጠዋት ሄደው ማታ የሚመለሱበት ርቀት ሊሆን ይችላል። እዚህ ግን አንዱ ጉዞ የቀኑን አብዛኛውን ክፍል ይበላል። መኪናው እስኪሞላ መናኸሪያ የሚጠበቀው ሰዓት ደግሞ ለብቻው ነው።

በዞኑ ውስጥ በእውነት በየቀኑ ተመላልሶ መሥራት ለሚቻልባቸው ጥንድ ከተሞች ጥሩ ምሳሌ ደሴና ኮምቦልቻ ናቸው። በመካከላቸው ያለው ወደ 25 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነ ደሴ አድሮ ኮምቦልቻ ፋብሪካ መግባት፣ ወይም ኮምቦልቻ አድሮ ደሴ ቢሮ መድረስ የብዙ ሰው ኑሮ ነው። እዚያ ጥያቄው የቤት ኪራይና የአየር ጠባይ ነው፤ ብርድ የማይወድ ኮምቦልቻ ይወርዳል። የመካነ ሰላም፣ የአቀስታ፣ የወግዲና የከላላ ሠራተኞች ጥያቄ ግን ሌላ ዓይነት ነው። እነሱ የሚመርጡት የትኛው ሰፈር እንደሚሻል ሳይሆን ማን ከቤቱ ርቆ እንደሚያድር ነው።

ዘመድ ወዳጅ ሲማከር ቶሎ የሚመጣው መልስ «መሐል ላይ ተከራዩ» የሚል ነው። ለሁለቱም እኩል፣ ለማንም ያላደላ፣ የሽማግሌ ፍርድ የሚመስል መልስ ነው። እስቲ በቁጥር እንየው። አቀስታ ከደሴ ወደ 100፣ ከመካነ ሰላም ወደ 80 ኪሎ ሜትር ላይ ናት፤ ከዚህ የተሻለ መሐል አይገኝም። ሁለቱም በየቀኑ ይመላለሳሉ ብንል፣ አቀስታ ቢኖሩ እሷ በቀን 200 ኪሎ ሜትር፣ እሱ 160 ኪሎ ሜትር ይጓዛሉ፤ ድምሩ 360 ነው። ደሴ ቢኖሩ እሷ በእግሯ ትሄዳለች፣ እሱ 360 ይጓዛል፤ ድምሩ ያው 360። መካነ ሰላም ቢኖሩም እንዲሁ። ሁለቱ የሥራ ቦታዎች በአንድ መንገድ ጫፍና ጫፍ ላይ እስከሆኑ ድረስ በመካከላቸው የትም ቢኖሩ የመንገዱ ድምር አይለወጥም። መሐል ላይ መኖር ድካሙን ያካፍላል እንጂ አይቀንሰውም።

በእርግጥ 360 ኪሎ ሜትር በየቀኑ የሚጓዝ ሰው የለም። ስለዚህ ስሌቱን ሰዎች በትክክል እንደሚኖሩት እንሥራው። እሷ በሳምንት አምስት ቀን ሥራ ላይ ትሆናለች እንበል። እሱ ደግሞ ትምህርቱን ሁለት ተከታታይ ቀናት ላይ አጭቆ እንዲሰጥ የትምህርት ክፍሉን አስፈቅዷል፤ ማክሰኞና ረቡዕ። ቤታቸው ደሴ ከሆነ እሱ ሰኞ ወጥቶ ሐሙስ ይመለሳል፤ በሳምንት 360 ኪሎ ሜትር፣ ከቤት ውጭ ሦስት ሌሊት። ቤታቸው መካነ ሰላም ከሆነ እሷ እሑድ ወጥታ ዓርብ ትመለሳለች፤ ኪሎ ሜትሩ ያው 360፣ ሌሊቱ ግን አምስት። አቀስታ ቢኖሩና እሷ በየቀኑ ብትመላለስ እሷ ብቻ በሳምንት 1,000 ኪሎ ሜትር ትጓዛለች፤ የእሱ 160 ሲጨመር 1,160 ይሆናል።

ከዚህ ሁለት ነገር ይወጣል። አንደኛ፣ የሁለቱ የጉዞ ብዛት እኩል ካልሆነ መሐሉ ከተሻለው ጫፍ የባሰ ምርጫ ነው፤ ቤቱ በየማለዳው ሥራ ገበታ ላይ መገኘት ወዳለበት ሰው መሳብ አለበት። ጀርመናዊው የኢኮኖሚ ምሁር አልፍሬድ ቬበር እ.ኤ.አ. በ1909 ፋብሪካ የት ይተከል የሚለውን ሲመረምር የደረሰበት ሐሳብ ከዚህ አይርቅም፤ ክብደቱ ያደላበት ወገን ፋብሪካውን ወደ ራሱ ይስበዋል። ሁለተኛው ነገር ለትዳር ይበልጥ ይጠቅማል፤ ኪሎ ሜትር አትቁጠሩ፣ ሌሊት ቁጠሩ። ደሴና መካነ ሰላም በኪሎ ሜትር እኩል ናቸው። በሌሊት ሲቆጠሩ ግን አንዱ በዓመት 150 ያህል፣ ሌላው 250 ያህል ተለያይቶ የሚታደርበት ሌሊት ነው። መቶ ሌሊት ብዙ ነው።

የስዊድኗ ተመራማሪ ኤሪካ ሳንዶው በኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ባደረገችው ጥናት፣ ከመካከላቸው አንዱ ለሥራ ከ45 ደቂቃ በላይ የሚመላለስባቸው ጥንዶች ከሌሎች በ40 በመቶ የበለጠ ይለያያሉ። የመካነ ሰላም ሰው ይህን ሲሰማ ይስቅ ይሆናል፤ 45 ደቂቃ እኮ ሚኒባሱ ተሳፋሪ ሞልቶ ከመናኸሪያ ለመውጣት እንኳ አይበቃውም። ለእኛ የሚጠቅመው ሌላው ግኝቷ ነው፤ የሚከብዱት የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሲሆኑ፣ ብዙ ዓመት የተመላለሱ ጥንዶች ግን ኑሯቸውን በዚያው ልክ አበጅተው አደጋው ይቀልላቸዋል። ሌላም አለ። ወንዱ ሲመላለስ የሥራ እድገት ያገኛል፤ ሚስት ደግሞ የቤቱን ሸክም ይዛ ከሙያዋ ዝቅ ወዳለ ሥራ ትገፋለች። ይህን ለማወቅ ስዊድን መሄድ አያስፈልግም ነበር።

እስካሁን መንገዱ ሁልጊዜ ክፍት እንደሆነ አድርገን ነው የቆጠርነው። አይደለም። በክረምት ናዳና ጭቃ አለ፤ ደጋው ላይ መኪና የሚያስቆም ጭጋግ አለ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው የትጥቅ ግጭት መንገድ ያለ ማስጠንቀቂያ ይዘጋል፣ መኪና ከመናኸሪያ አይወጣም፤ ኢንተርኔት ለወራት የተቋረጠበት ጊዜም ነበር። የሳምንቱ ጉዞ ታስቦ የተሠራ ኑሮ በአንድ ማለዳ ይፈርሳል።

ስለዚህ ቤት ስትመርጡ ከሁሉ በፊት የምትጠይቁት ይህ ይሁን፦ መንገዱ ሁለት ሳምንት ቢዘጋ ልጃችሁ ከማን ጋር ነው? መልሱ «ከቤት ሠራተኛዋ ጋር ብቻ» ከሆነ ቤቱ የተሳሳተ ቦታ ላይ ነው። ቤቱ መቆም ያለበት አንዱ ወላጅ ያለ መንገድ፣ ያለ ሌላው እርዳታ ብቻውን ሊያቆየው በሚችልበት ከተማ ነው፤ ወላጁ ሥራው እዚያው የሆነ፣ ጤና ተቋም ቅርብ የሆነ፣ ከተቻለም እናት ወይም እህት የሚኖሩበት። ይህ ፈተና መሐል ላይ ያለውን ቤት ወዲያው ይጥለዋል። አንዱ ደሴ፣ ሌላው መካነ ሰላም ላይ ሳሉ መንገድ ሲዘጋ አቀስታ ያለው ልጅ ሁለቱንም ወላጆቹን ያጣል። ገንዘብም እንዲሁ ይታሰብ። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ለሾፌር ገንዘብ አደራ መስጠት እየቀረ ነው። ኔትወርክ ሲጠፋ ግን የሚሠራው እጅ ላይ ያለው ብር ብቻ ስለሆነ፣ ልጁ ያለበት ቤት የአንድ ወር ወጪ በጥሬው መያዝ አለበት።

ቤቱን ከመምረጥ በፊት የሚመረጥ ሌላ ነገርም አለ፤ የትኛው ሥራ ነው ሊንቀሳቀስ የሚችለው? እያንዳንዱ የወረዳ ከተማ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ ፍርድ ቤት፣ የግብርና ጽሕፈት ቤትና ባንክ አለው። መምህር፣ ነርስ፣ ዳኛ፣ የባንክ ሠራተኛ ቢያንስ በሐሳብ ደረጃ ዝውውር የሚጠይቅበት ብዙ ቦታ አለው። የዩኒቨርሲቲ መምህር ግን ካምፓስ ወዳለበት ብቻ ነው የሚሄደው። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲን ብናይ አንዱ ካምፓሱ ቱሉ አውሊያ፣ ሌላው መካነ ሰላም ነው፤ ስለዚህ አንድ ተቋም የቀጠራቸው ባልና ሚስት እንኳ ሁለት ከተማ ሊያድሩ ይችላሉ። በኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠራ ሰው ደግሞ ፓርኩን ይዞ ወደ ቦረና አይመጣም። የማይንቀሳቀሰው ሥራ ቦታውን ይወስናል፤ ተንቀሳቃሹ ይከተላል።

ሁለቱም የማይንቀሳቀሱ ከሆኑ ውጤቱ የታወቀ ነው፤ ጥንዶቹ ወደ ትልቅ ከተማ ይሄዳሉ። ዶራ ኮስታና ማቲው ካን የተባሉ አሜሪካውያን የኢኮኖሚ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ጥናት ሁለቱም ዲግሪ ያላቸው ጥንዶች ለምን ትላልቅ ከተሞች ውስጥ እንደሚከማቹ መርምረዋል። ከዋና ምክንያቶቹ አንዱ አድርገው ያቀረቡት ሁለት የተለያየ ሙያ በአንድ ቦታ ሥራ የሚያገኘው ትልቅ ከተማ ውስጥ መሆኑን ነው። የመካነ ሰላምም ሕመም ይኸው ነው። ሐኪም ወይም ዶክተር መምህር ሲመጣላት ደስ ይላታል፤ ሲያገባ ግን የትዳር ጓደኛው ሥራ ደሴ ወይም አዲስ አበባ ስለሆነ ይሄድባታል። ባለሙያ ማቆየት የሚፈልግ ተቋም ለአንድ ሰው ብቻ ደመወዝ ከሚጨምር ለትዳር ጓደኛው የሥራ በር ቢፈልግ ይሻለዋል ባይ ነኝ።

ማን ማንን ይከተል የሚለው ላይ ሕጉ ከልማዱ ቀድሟል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የጋራ መኖሪያን የሚመርጠው ባል ነበር፤ ሚስት ቅሬታ ካላት ለቤተሰብ ሽማግሌዎች ታመለክት ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን ሽሮ መኖሪያቸውን ተጋቢዎቹ በስምምነት እንዲወስኑ አደረገ። የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 79 አውጥቷል። ሕጉ ባልና ሚስት አብረው የመኖር ግዴታ አለባቸው ቢልም፣ ተስማምተው ተለያይተው መኖርንም አይከለክልም። ስለዚህ «ሚስት ባሏን ትከተላለች» የሚል ሰው ካለ የሚጠቅሰው ሕግ የተሻረ ነው። በተግባር ግን ሥራዋን ጥላ የምትከተለው አብዛኛውን ጊዜ ሴቷ መሆኗን ሁላችንም እናውቃለን።

ከዚሁ ሕግ ለንብረትም የሚጠቅም አለ። በጋብቻ ጊዜ የሚገኝ ደመወዝ፣ በማንም ስም ይግባ፣ የጋራ ነው። በዚያ ገንዘብ የተሠራ ቤትም እንዲሁ፤ የጋራ ቤትን ለመሸጥ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ሁለት ከተማ ለሚኖሩ ሰዎች ይህ አንድ ፊርማ 180 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። መንገዱ ክፍት ሳለ የውክልና ጉዳይን ማሰብ ተገቢ ነው፤ ውክልናው ግን ምን ምን እንደሚፈቅድ ተለይቶ ይጻፍ፤ «ማናቸውንም» የሚል ቃል ኋላ ጣጣ ያመጣል።

ቤት የመሥራት ጉዳይ ለብቻው ይታይ። መካነ ሰላም ላይ በማኅበር ተደራጅቶ ቦታ ማግኘት ደሴ ላይ ከማግኘት ሊቀል ይችላል፤ ስለዚህ ብዙ ጥንዶች ቦታ ወደተገኘበት ይሳባሉ። ከዚያ ብሎኬቱና ቆርቆሮው ትዳሩ የት እንደሚኖር ይወስናል። እኔ ይህን አልደግፍም። ቦታው ይወሰድ፣ ይታጠር፤ የሚኖሩበት ከተማ ግን ከላይ ባየናቸው ፈተናዎች ይመረጥ። አለበለዚያ ማንም የማይኖርበት ቤት ለመጠበቅ ደመወዝ ይወጣል።

ማኅበራዊውን ጉዳይ የማይቆጥር ሰው የወሎን ኑሮ አያውቅም። ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። ቅሬ መዋጮ ብቻ አይደለም፤ መገኘት ነው። ለቅሶ ላይ የማይታይ፣ ድንኳን የማያቆም፣ ቀብር የማይወጣ አባል ይቀጣል፤ ቅጣቱ ቢቀር እንኳ ስሙ ይነሳል። ሁለት ቤት ያለው ሰው ሁለት ቅሬ ቢገባ ሁለቱም ዘንድ ቀሪ ይሆናል። ብልሆቹ የሚያደርጉት፣ ልጁ ያለበት ከተማ ያለው ወገን በቤተሰቡ ስም አንድ ቅሬ ይገባል፤ ተመላላሹ ደግሞ በሥራ ቦታው የባልደረቦች እቁብ ወይም መረዳጃ ይዞ ይቆያል። ይህ ሲሆን ቤቱ የት እንደሆነ ጎረቤትም ያውቀዋል።

በእነዚህ ወረዳዎች ተለያይቶ መኖር አዲስ ነገር እንዳልሆነም መታወስ አለበት። ከዚህ አካባቢ ወንዶች ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሑመራ ሲወርዱ፣ ሴቶች ወደ ዐረብ አገሮች ሲሰደዱ ስንት ዓመት ሆነ! ነገር ግን ገበሬው «ቤታችን የት ይሁን» ብሎ አይጨነቅም፤ መሬቱ አይነሳማ። የይዞታ ደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ፎቶ ጎን ለጎን ተለጥፏል፤ የሄደ ሁሉ ወደዚያ ይመለሳል። ደመወዝተኛው ግን እንዲህ ያለ መልሕቅ ስለሌለው መልሕቁን ራሱ መጣል አለበት።

ለብዙዎች መልሕቁን የሚጥለው የመጀመሪያ ልጅ ነው። የግልም የመንግሥትም ሠራተኛ የሆነች እናት 30 ቀን ከወሊድ በፊት፣ 90 ቀን ከወሊድ በኋላ ከደመወዝ ጋር እረፍት አላት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አባት ያለው ሦስት ተከታታይ ቀን ነው፤ ከደሴ መካነ ሰላም ደርሶ ለመመለስ ሁለቱ ያልቃሉ። ብዙ ሴት የመጀመሪያ ልጇን እናቷ ቤት ትታረሳለች፤ እናቷ ወረኢሉ ካሉ ወረኢሉ፣ ከላላ ካሉ ከላላ። አራስነቱ ደግ ጊዜ ነው፤ ሁሉም ያግዛል፣ ገንፎው አይቋረጥም፣ ማንም ስለ ቤት አያነሳም። ጥያቄው የሚመጣው በ91ኛው ቀን ነው። ያን ቀን የሚያገለግለው ዝግጅት ከእርግዝናው ወራት ጀምሮ መታሰብ አለበት፤ ጡት የምታጠባ እናት ሳምንት ሙሉ ርቃ ማደር ስለማትችል ለዚያ ዓመት ቤቱ እሷ የምትሠራበት ከተማ ነው። የባል የሥራ ደረጃ ከፍ ማለቱ ይህን አይለውጠውም።

አንዱ አዲስ አበባ ከሆነስ? ከመካነ ሰላም በደሴ በኩል ወደ 580 ኪሎ ሜትር ነው። የሚገርመው መካነ ሰላም የራሷ የአውሮፕላን ማረፊያ የነበራት ከተማ መሆኗ ነው፤ በዓለም አቀፉ የማረፊያዎች መለያ ዝርዝር ውስጥ «ኤም ኬ ኤስ» የሚል ፊደል አላት። ዛሬ መብረር የሚፈልግ ሰው ግን ኮምቦልቻ ድረስ ይወርዳል። ይህን ርቀት «ምልልስ» ብሎ መጥራት ራስን ማታለል ነው፤ ሁለት ቤት፣ ሁለት ኪራይ፣ ሁለት ወጥ ነው። መቼ እንደሚያበቃ ቀኑ ተቆርጦ ካልተገባበት ይለመዳል፣ ይቀጥላልም። አዲስ አበባ ያለው ወገን ቢያንስ የኪራይ ውሉን በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት ያስመዝግብ፤ ውሉ ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ቅድመ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም።

ወደ ተግባሩ ስንመጣ ጊዜው ወሳኝ ነው። የመምህራን ዝውውር የሚሠራው ትምህርት ተዘግቶ አዲሱ ዓመት ሳይገባ በክረምቱ ነው፤ የልጆች ምዝገባም በዚያው ሰሞን። ስለዚህ ባልና ሚስት መነጋገር ያለባቸው ሚያዝያና ግንቦት ላይ ነው፤ ጳጉሜን ላይ የሚደረግ ንግግር ለቀጣዩ ዓመት ነው የሚጠቅመው። ጋብቻን ምክንያት አድርጎ ዝውውር ለሚጠይቅ ሰው ቢሮዎች ብዙ ጊዜ የሚፈልጉት በወሳኝ ኩነት የተመዘገበ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ነው። ኒካሁም ተክሊሉም ሕጋዊ ጋብቻ ነው፤ ያልተመዘገበ ከሆነ ግን መዝገብ ቤት ላይ ይቆማል፣ እናም አስቀድሞ ቀበሌ ሄዶ ማስመዝገብ ነው። ክፍት መደብ ከሌለ የእርስ በርስ ቅያሬ ይፈለግ፤ ከደሴ ወደ መካነ ሰላም መምጣት የሚፈልግ፣ ወላጆቹ ቦረና ያሉ የሙያ ጓደኛ አንዳንዴ ይገኛል። ተቀባዩ መሥሪያ ቤት መቀበሉን በጽሑፍ እስኪያሳውቅ ድረስ ግን መልቀቂያ አይጠየቅ፣ የያዙት ቤትም አይለቀቅ፤ በቃል «ና፣ ችግር የለም» ተብሎ የለቀቀ ሰው ከሁለቱም መደብ ሊወጣ ይችላል።